ስልኩ የየት አገር ዜጋ ነው?

«ስልክም እንደ ሰው ዜግነት አለው» ብላችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ ከት ብዬ እስቅባችሁ ነበር። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ዱባይ፣ ዴራ፣ ባኒያስ አደባባይ አጠገብ ካለች አንዲት ጠባብ ስልክ ቤት ውስጥ ቆሜ ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

«የየት አገሩን ነው የምትፈልጊው?» አለኝ ሻጩ በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

«አይፎን ነው የምፈልገው።»

«እሱማ ገባኝ። የአሜሪካውን ነው? የጃፓኑን? የቻይናውን? የኤምሬትሱን?»

ቡና ልገዛ የገባሁ መሰለኝ! «ይርጋጨፌ ነው ሐረር?» እንደሚል ነጋዴ ፊቴን እያየ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ስለ ስልክ የማውቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ቀለሙን፣ ካሜራውን፣ ዋጋውን።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ታላቅ እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች ሰባት ዓመት አልፏታል። እማዬ ያለችው አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ነው። በነዚህ ሰባት ዓመታት እህቴ አገር ቤት የመጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለአባታችን ለቅሶ። እማዬ ታዲያ አንድ ምኞት አላት፤ የልጇን ፊት ማየት። «ድምፅማ ሬዲዮም ያሰማል። እኔ ፊቷን ነው የምፈልገው። ትክሳ ትወፍር በምን አውቃለሁ?» ትላለች።

«ታዲያ በዋትስአፕ አትደዋወሉም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ዓረብ አገር ዘመድ ያላችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ዋትስአፕ ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ያደርሳል እንጂ ጥሪው አይሠራም፤ የድምፁም የምስሉም። የአይፎኑ ፌስታይምም እንደዚያው ነው። በኢንተርኔት መደወል የሚቻለው የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ በፈቀዳቸው አፖች ብቻ ነው። ቦቲምን የመሰሉ የጥሪ አፖች፣ ለስብሰባ ደግሞ ዙምና ቲምስ ከተፈቀዱት ውስጥ ናቸው።

«ቪፒኤን አለ አይደል?» የሚል ጎበዝም አይጠፋም። አዎ አለ። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሕግ ማሻሻያ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመሸፈን ብሎ የኢንተርኔት አድራሻውን የቀየረ ሰው ከእስራት ሌላ ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ሊቀጣ እንደሚችል ይናገራል። እናቱ ጋ መደወል እዚያ ውስጥ ይገባል አይገባም ብሎ በጠበቃ የሚከራከረው ባለ ገንዘብ ነው። እህቴ ነገሩን ባነሳሁባት ቁጥር «እኔ ሰው ቤት ያለሁ ሰው ነኝ፣ ከሕግ ጋር አታላትሚኝ» ብላ ትዘጋዋለች። እውነቷን ነው።

የቀረን መንገድ አንድ ነበር፤ እሷ እዚያ የተፈቀደላትን አፕ እማዬም እዚህ ስልኳ ላይ መጫን። ይኸው ነው! ምን ይከብዳል? ብዬ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የእማዬን ስልክ ተቀብዬ ተቀመጥኩ።

የእማዬ ስልክ ከአሥር ዓመት በላይ አገልግሏል። መስተዋቱ ተሰንጥቋል፣ ጀርባው በላስቲክ ታስሯል። ፕሌይ ስቶር ገብቼ የአፑን ስም ጻፍኩ። ስቶሩም በጨዋ ደንብ መለሰልኝ፤ አፑ ከመሣሪያው ጋር አይጣጣምም አለ። ሜሞሪው ሞልቶ ይሆናል ብዬ ፎቶ አጠፋሁ። አጥፍቼ አበራሁት። ነቀነቅኩት። (አትሳቁ፣ እናንተም ታደርጉታላችሁ።) ወይ ፍንክች!

አውቶቡስ ተራ አካባቢ ያለ አንድ ስልክ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ከራሱ ስልክ ላይ አፑን በዜንደር አሻገረልን። ሲጫን ግን ፓኬጁን ማንበብ አልቻልኩም የሚል መልስ መጣ። ጠጋኙ ስልኩን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና «እህቴ፣ ይሄ ስልክ ጡረታ ወጥቷል» አለኝ። እማዬና እህቴ የድምፅ መልእክት ይላላኩበት የነበረው አፕም በዚያው ዓመት ያንን ስልክ ተሰናበተው።

እዚህ ላይ ላቁምና አንድ ነገር ላስረዳ፤ እኔ ራሴ ዘግይቼ የገባኝ ስለሆነ። የአፕ መደብር «አይሆንም» የሚለው በሁለት ዓይነት አፍ ነው። አንደኛው «ከመሣሪያዎ ጋር አይጣጣምም» የሚለው ነው። እሱ የሚያወራው ስለ ስልኩ ነው። አፕ የሚሠራው ኩባንያ ከዚህ በታች በሆነ ሶፍትዌር ላይ አላስጭንም ብሎ ወለል ያበጃል፤ መደብሩ ደግሞ የስልኩን ሶፍትዌር፣ ፕሮሰሰሩን፣ ስክሪኑን ያያል፤ ካልበቃ በሩን ይዘጋል። የስልኩ ፋብሪካ አዲስ ሶፍትዌር መላክ ካቆመ ስልኩ ባለበት ይቆማል፣ ወለሉ ግን በየዓመቱ ከፍ ይላል። ለምሳሌ ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 አንድሮይድ 4.4ን፣ በሜይ 2025 ደግሞ ከአይኦኤስ 15.1 በታች ያሉትን አይፎኖች ትቷል። ስልኩ አልተሰበረም፣ ባትሪው አልሞተም፤ ብቻ ወለሉ ጥሎት ሄደ።

ሁለተኛው አፍ «በአገርዎ አይገኝም» የሚለው ነው። ይሄኛው ከስልኩ ጋር ጠብ የለውም። አፑን የሠራው ሰው ለየትኞቹ አገሮች እንደሚለቀው ይመርጣል፤ የሙዚቃና የፊልም መብት፣ የአገር ሕግ፣ የክፍያ ነገር ምክንያት ይሆነዋል። የመጨረሻውን ስልክ ብትገዙ ይሄኛውን «አይሆንም» አታስለውጡትም። እኔ ሁለቱን ለይቼ ባለማወቄ ነው ስልክ ስነቀንቅ የዋልኩት።

እናላችሁ፣ የእማዬ ስልክ በሽታ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ መድኃኒቱ ሌላ ስልክ ነው ተባለ። ዕድል ሆኖ የምሠራበት ቡቲክ ባለቤት በዚያው ወር ልብስ እንዳመርጥላት ዱባይ ልካኝ ነበር። እህቴ «ስልኩን እኔ ነኝ የምገዛላት፣ አንቺ ይዘሽላት ሂጂ» አለች።

ቦሌ ስሳፈር ዝናቡ መሬቱን ይደበድበው ነበር። አራት ሰዓት ያህል በርሬ ዱባይ ስወርድ ደግሞ የአውሮፕላን ማረፊያው በር ሲከፈት የምጣድ ክዳን የተነሳ ነው የመሰለኝ፤ ወላፈኑ ፊቴን ገረፈኝ። ሜትሮ ውስጥ ገብቼ ተነፈስኩ። የሴቶችና የሕፃናት ፉርጎ ለብቻው አለ፤ ሐበሻ የሆኑ ሴቶች ልብስ አጣጥፈው የሞሉበትን ፌስታል በጉልበታቸው ይዘው ያንቀላፋሉ። ዩኒየን ጣቢያ ላይ ከቀዩ መስመር ወደ አረንጓዴው ተሻገርኩ፤ የሚቀጥለው ጣቢያ ባኒያስ አደባባይ ነው።

ዴራ ያው ዴራ ናት። ቡርጅ ኸሊፋን በቴሌቪዥን አይታችሁ ዱባይን የምታውቁ ከመሰላችሁ ናይፍ የሚባለውን ሰፈር አንድ ጊዜ በእግር ሂዱበት። ገንዘብ አስተላላፊዎች፣ ሽቶ ቤቶች፣ የሻንጣ ሱቆች፣ በአማርኛ የተጻፈ የምግብ ቤት ማስታወቂያ። ከአንዱ ፎቅ የሚጨስ ዕጣን ይሸታችኋል፤ ከሥሩ ደግሞ የሕንድ ቅመም። ከወደቡ ዳር አብራ የሚሏት የእንጨት ጀልባ በ1 ድርሃም ወደ ቡር ዱባይ ታሻግራለች። እኔና እህቴ በእረፍት ቀኗ፣ እሑድ፣ በዚያች ጀልባ ዝም ብለን ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ወሬአችን አላልቅ ሲል ሌላ ድርሃም እንከፍላለን። «እዚህ አገር በ1 ድርሃም የሚገኝ ደስታ ይሄ ብቻ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ነው ወደ ስልክ ቤቶቹ የሄድነው።

ሻጩ ቸኩሎ አልነበረም፤ ግራ መጋባታችንንም ወዶታል መሰለኝ። መጀመሪያ ያወጣልን አይፎን 6 ነበር። ዋጋው እርጥብ አይባልም፣ በጣም ደረቅ! እህቴ ወዲያው ቦርሳዋን ከፈተች። እኔ ግን አውቶቡስ ተራ የተማርኩት ትምህርት ነበረኝና «ሶፍትዌሩ እስከ ስንት ይሄዳል?» አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ያ ስልክ ከአይኦኤስ 12 አያልፍም። የእማዬን አሮጌ ስልክ በሌላ አሮጌ ስልክ ልንቀይረው ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ አንድ የሚያብረቀርቅ አይፎን 14 አወጣ። «የአሜሪካ ነው፣ ንጹሕ» አለ። አገላብጬ አየሁት፣ በጎኑ ዳበስኩት... የሲም ካርዱ ቀዳዳ የለም! የተበላሸ ነው ብዬ ልጮህ ስል ሻጩ ሳቀ። ለካ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት አይፎኖች ከ14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የሲም ቀዳዳ የላቸውም፤ ሁሉም በኢሲም ነው። በዚያው ዓመት ለቻይና የተሠራው ወንድሙ ደግሞ ሁለት ሲም ካርድ በአንድ ማውጫ ላይ ይይዛል። የጃፓኑ ፎቶ ሲያነሳ «ቀጭ» ማለቱን ማጥፋት አይቻልም፤ ድምፁን ዝም ብታሰኙትም ቀጭ ይላል። አንድ ስም፣ አንድ መልክ፣ የተለያየ ጠባይ። እንደኔና እንደ እህቴ።

ትውልዱን ማወቅ ለፈለገ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት» የሚለውን ከፍቶ የሞዴሉን ቁጥር ይመልከት። ከመጨረሻው አካባቢ «ኤልኤል» ካለ የአሜሪካ፣ «ሲኤች» ካለ የቻይና፣ «ጄ» ካለ የጃፓን ነው። የመጀመሪያዋ ፊደልም ወሬ ታወራለች፤ «ኤም» ከሆነች በአዲስነቱ የተሸጠ፣ «ኤፍ» ከሆነች ፋብሪካው አድሶ የሸጠው፣ «ኤን» ከሆነች ለተበላሸ ስልክ ምትክ የተሰጠ ነው። አሜሪካ በኩባንያ ኮንትራት የተሸጠ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ኩባንያ ሲም ሌላ እንዳይቀበል ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የራስን ሲም ከትቶ መሞከር ነው።

ብቻ ምን አለፋችሁ፣ በስተመጨረሻ ያገለገለ አይፎን 11፣ የኤምሬትሱን፣ በ650 ድርሃም ተስማማን። ሲም ቀዳዳ አለው፣ የእህቴን ሲም ከተን አየን፣ ሠራ። እህቴ ስልኩን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ነው ከሱቁ የወጣችው።

ማታ ናይፍ ካለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጥግ ይዘን ተቀመጥን። ሽሮና ጥብስ አዘዝን። እህቴ ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት አሠሪዎቿ ቤት መግባት አለባት። ስልኩን አበራነው፤ አፕ ስቶር አካውንት ጠየቀን፤ ለእማዬ አዲስ ልንከፍትላት ጀመርን። «አገር ይምረጡ» አለ።

ጣቴን እየጎተትኩ ወረድኩ። ግብፅ አለች። ኢስቶኒያ አለች። ኤስዋቲኒ አለች። ቀጥሎ... ፊጂ!

«አለፍሻት፣ ተመለሺ» አለች እህቴ።

ተመለስኩ። ኤስዋቲኒ፣ ፊጂ። ኬንያ አለች፣ ኡጋንዳ አለች፣ ሩዋንዳ አለች። ኢትዮጵያ የለችም።

«በ'ኢ' አይደል እንዴ የምትጻፈው? ምናልባት 'አቢሲኒያ' ብለዋት ይሆናል» ብላ አሳቀችኝ። እውነቱ ግን አፕል አፕ ስቶር የሚሠራባቸው ብሎ የሚቆጥራቸው አገሮችና ግዛቶች 175 ናቸው፤ በዚያ ሐምሌ እኔ ባየሁት ዝርዝር ውስጥ አገራችን አልነበረችም። አዲስ አበባ ውስጥ የምታዩት አይፎን ሁሉ፣ የጎረቤታችሁም የለቃችሁም፣ በመደብሩ ዘንድ የሌላ አገር ሰው ሆኖ የሚኖር ነው። አንዱ አሜሪካዊ ነው፣ አንዱ እንግሊዛዊ፣ አንዱ ኬንያዊ።

ያን ጊዜ ነው የሻጩ ጥያቄ በደንብ የገባኝ። ስልኩ የተወለደበት አገር አንድ ነገር ነው፤ መታወቂያ ያወጣበት አገር ሌላ ነገር ነው። የሲሙን ቀዳዳ የሚወስነው ትውልዱ ነው። የትኛውን አፕ ማውረድ እንደምትችሉ የሚወስነው ግን አካውንቱ የተከፈተበት አገር ነው። አንድሮይድም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም። ጉግል ፕሌይ ኢትዮጵያን ያውቃታል፤ ነገር ግን የአካውንታችሁን አገር መቀየር የሚፈቅደው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም እዚያ አገር ተገኝታችሁ፣ የዚያን አገር የመክፈያ ዘዴ አስገብታችሁ። ከጅዳ ወይም ከቤይሩት ተመልሶ «የአገሬን አፕ ስፈልግ አጣሁት» የሚል ሰው አካላቱ ቦሌ ሲደርስ አካውንቱ ገና እዚያው ነው ማለት ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ማዕቀብ በኋላ የወጡትን የሁዋዌ ስልኮች የገዛ ደግሞ ፕሌይ ስቶር የሚባለውን ራሱን አያገኝም፤ የኩባንያው የራሱ መደብር ነው ያለው።

ወደ ምግብ ቤታችን እንመለስ። ሽሮው ቀዝቅዟል። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆኗል። ለእማዬ የኤምሬትስ አካውንት ልንከፍት ስንል ኢሜይል አለ፣ አድራሻ አለ፣ ኮድ አለ... የእማዬ ስልክ ቁጥር ደግሞ አዲስ አበባ ነው፤ ኮዱን ማን ያነብልናል? እህቴ ሰዓቷን አየችና «ባክሽ የኔኑ አካውንት አስገቢና ጨርሺ፤ አፖቹም እዚያ ላይ አሉ» አለችኝ።

አስገባሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አፑ ወረደ፣ ተጫነ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከኔ ወደ እሷ ደውለን ሞከርን፤ የሁለታችንም ፊት ወለል ብሎ ታየ። አስተናጋጇ ሳይቀር አጨበጨበችልን። ከዚያ እህቴ ታክሲ ውስጥ ገባች።

አዲስ አበባ ስገባ ከሻንጣዬ መጀመሪያ የወጣው ስልኩ ነው። የመጀመሪያው ጥሪ የነበረ ዕለት እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጸጉሯን ተሠርታ ነው የተቀመጠችው፤ ሠርግ የምትሄድ ነው የምትመስለው። የእህቴ ፊት ብቅ ሲል እልልታው ከኮልፌ አልፎ አውቶቡስ ተራ የተሰማ ይመስለኛል። «ከስተሻል!» አለቻት መጀመሪያ። እናት አይደለች!

በዚሁ ቢያበቃ ይሄን ሁሉ ባልጻፍኩ።

አንድ ወር ያህል ቆይቶ እማዬ ነገር ማወቅ ጀመረች። «ረቡዕ ዕለት ምስር ሠርታ ነበር፤ አርሮባታል» ትለኛለች። «ለትንሿ ልጅ ልደት ኬክ ገዙ፤ ሮዝ ነው።» እኔ በስልክ የነገረቻት ነበር የመሰለኝ። አንድ ማታ ግን ከሥራ ስገባ እማዬ መነጽሯን አድርጋ ስልኩ ላይ አቀርቅራለች። ቀና ብላ ዓይታኝ ምንም ሳትናገር ስልኩን ሰጠችኝ።

ፎቶ ነው። የእህቴ ግራ እጅ፣ ከክንዷ እስከ ጣቶቿ ጀሶ ታስሮ።

ቀኑን አየሁት። ሁለት ሳምንት አልፎታል። በነዚያ ሁለት ሳምንታት እህቴ ሦስት ጊዜ ደውላለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ከደረቷ በላይ ብቻ ነበር የምትታየው። «ደመወዝ ዘግይቷል፣ ብሩን በሚቀጥለው እልካለሁ» ያለችውም በዚያው ሰሞን ነው። እማዬ ያን ዕለት ከፍቷት ነበር፤ አሁን ደግሞ በመከፋቷ ከፋት።

ጉዱ የገባኝ ወዲያው ነው። ምግብ ቤት ውስጥ አፕ ለማውረድ ብዬ ያስገባሁት አካውንት የመደብሩ ቁልፍ ብቻ አይደለም፤ የእህቴ የፎቶ ሳጥን ቁልፍም ነው። እሷ እዚያ ያነሳችው ሁሉ እዚህ እማዬ ስልክ ላይ ይዘንብ ነበር። የገበያ ደረሰኝ፣ የተከራየችው አልጋ፣ የተሰበረ እጅ። ስልኩ አጥፍቶ አይደለም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ተኩል ሆነ ብዬ።

መፍትሔው እኮ እጄ ላይ ነበር! አይፎን ለመደብሩ አንድ አካውንት፣ ለፎቶና ለአድራሻ ማስቀመጫው ሌላ አካውንት መያዝ ይችላል። ሴቲንግ ላይ ከባለቤቱ ስም ሥር «ሚዲያ ኤንድ ፐርቸስ» የሚለው መስመር ለዚሁ ነው። ዘመድ አገር የተከፈተ አካውንት መዋስ ካለባችሁ እዚያ ላይ ብቻ ነው ማስገባት፤ ለቀረው ለስልኩ ባለቤት የራሱን መክፈት፤ ኮድ መቀበያው የኢትዮጵያ ቁጥር ቢሆን ችግር የለውም። የማታውቁት ሱቅ ደግሞ «አካውንት እኛ እንሞላልዎታለን» ሲላችሁ ከእኔ የባሰ ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል። ስልኩ በነሱ አካውንት ከታሰረ እነሱ ባሉበት ሆነው ሊቆልፉት ይችላሉ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ደርሶባታል፤ የራሷን ስልክ ለማስከፈት ሁለተኛ ከፈለች።

«እማ፣ ይሄ መዘጋት አለበት» አልኳት።

«ለምን ይዘጋል?»

«እሷ እኮ አላወቀችም። የግሏን ነው የምናየው።»

«ልጄን ነው የማየው። ሰባት ዓመት አላየኋትም። እሷ ስትደውል የምታሳየኝ ፈገግታዋን ነው፤ ይቺ ስልክ ግን ኑሮዋን ነው የምታሳየኝ። አትንገሪያት።»

ምን ትላላችሁ? እኔ ሌሊቱን አልተኛሁም። እማዬ እውነት አላት። እህቴ ደግሞ አሠሪ ቤት ነው የምትኖረው፤ የራሷ በር የላት፣ የራሷ ቁልፍ የላት። የራሷ የሆነ ነገር ቢኖራት ያ ስልክ ብቻ ነው። እሱንም እኛ ከኮልፌ ሆነን በመስኮት ስናይባት ነበር።

ጠዋት ለእህቴ የድምፅ መልእክት ላኩላት፤ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ ማታ መልስ የለም። ማታ አንድ መስመር ጻፈች፤ «እማዬ እጄን አይታዋለች?»

«አይታዋለች።»

«መስኮት ሳጸዳ ከመሰላል ነው የወደቅሁት። እየዳነ ነው። ዝጊው።»

ዘጋሁት። አካውንቱን ከመደብሩ በስተቀር ከየቦታው አወጣሁ፤ ለእማዬ በስሟ ሌላ ከፈትኩላት። ፎቶዎቹ ከስልኩ ላይ ሲጠፉ እማዬ አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ቡና ስታፈላ ሦስተኛውን እንኳ አልጠራችኝም።

እሑድ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። እማዬ ነጠላዋን አጣፋችና ተቀመጠች። እህቴ ታየች፤ ናይፍ ያለው ምግብ ቤት ውስጥ ነች፣ ያችው ጥግ። ሰላምታው፣ የጎረቤቱ ወሬ፣ የዝናቡ ነገር ሁሉ አለቀ። ከዚያ እህቴ ትንሽ ዝም አለችና ግራ እጇን ከጠረጴዛው ሥር አውጥታ ጀሶውን ወደ ካሜራው ቀና አደረገችው።

«እማ፣ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አለች።

እማዬ ወደ እኔ ዞር አላለችም። ደረቷን በጥፊ መታ አድርጋ፣ «ውይ በሞትኩት! ልጄን ምን ሆንሽብኝ? ምነው ሳትነግሪኝ?» አለቻት፤ ያን ደቂቃ ገና እንዳየችው ሁሉ።